አልጂኔት፣ ሲሊኮን እና የደብረ ብርሃን ውሃ

የጥርስ ልክ የሚወሰድበት ዱቄት፣ የአልጂኔት፣ ጣሳ ላይ የተጻፈውን የመርጊያ ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ አትመኑት። ጣሳው ዋሽቶ አይደለም። ፋብሪካው ሰዓቱን የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ 23 ዲግሪ በሆነ ውሃ ነው። እኛ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከቧንቧ የምንቀዳው ውሃ ደግሞ ጣት ያደነዝዛል። ከተማዋ የተቀመጠችው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካውን እዚህ የተከሉት ሰዎች ገበያቸውን ያውቁ ነበር እያልን እንቀልዳለን። በዚህ ውሃ የተበጠበጠ አልጂኔት አፍ ውስጥ ገብቶም አልረጋ ይላል። ታካሚው አፉን ከፍቶ ለሃጩ ይወርዳል፣ እናንተ ሰዓት ታያላችሁ፣ ጣሳው ደርሷል ይላል፣ በጣት ሲነካ ግን ገና ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ጥርስ ልክ መውሰጃ ዕቃዎች ነው፤ እኛ ኢምፕሬሽን ማቴሪያል የምንላቸው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ክራውን (በተሞረደ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሽፋን)፣ ብሪጅ (በአጎራባች ጥርሶች ተደግፎ የጎደለውን የሚተካ ጥርስ) ወይም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመሠራቱ በፊት ትሬይ በሚባል ጎባጣ ዕቃ ላይ ለስላሳ ነገር ተሞልቶ አፍ ውስጥ ይገባል። እዚያው ይረጋል፣ የጥርሱንና የድዱን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ቀጥሎ ጀሶ ወይም ስቶን የሚባለው ጠንካራ ጀሶ ይፈስበትና ሞዴል ይሆናል። ልኩ ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። የምሠራው አነስተኛ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። የራሳችን ላብራቶሪ የለንም፤ ክራውንና ብሪጅ አዲስ አበባ ልከን ነው የምናሠራው። አጠገቡ ቴክኒሺያን ያለው ሐኪም አንዳንዱ ነገር ላይ ከእኔ ጋር ላይስማማ ይችላል። አልፈርድበትም፣ የሱ ጣጣ ሌላ ነው።

በአልጂኔት እንጀምር፤ ርካሹም በየክሊኒኩ የማይጠፋውም እሱ ነው። መሠረቱ ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣ ነገር ነው። ዱቄቱ ውስጥ ካልሲየም ሰልፌት አለበት፣ ውሃ ሲያገኙ ሁለቱ ይያያዙና ፈሳሹ ወደሚለጠጥ ነገር ይለወጣል። አንዴ ከረጋ መመለሻ የለውም። ከሱ በፊት ይሠራበት የነበረው አጋር ነው፤ የቪየናው አልፎንስ ፖለር እ.ኤ.አ. በ1925 የፈጠራ መብት ያገኘበት። አጋር በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ሲበርድ የሚረጋ፣ የራሱ የማሞቂያ ዕቃ የሚፈልግ ነገር ነው። በብዛት የሚመጣው ከጃፓን ስለነበር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጠፋ፣ ሰዎች ሌላ ፍለጋ ገቡ፣ አልጂኔትም በዚያው ቦታውን ያዘ። ጦርነቱ ባይኖር ዛሬም ውሃ ስናፈላ እንውል ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

የባሕር አረም መሆኑ እዚህ አገር አንድ ጥቅም አለው። ጾም ሲገባ «ይኼ ነገር ጾም ይገድፋል?» የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ከእንስሳ የወጣ እንዳልሆነ፣ የሚዋጥም እንዳልሆነ ስትነግሯቸው ፊታቸው ይፈታል። ለእኛም ይመቻል፤ ሳይበላ የመጣ ሰው ቢያቅለሸልሸው እንኳ የሚመልሰው ነገር የለውም። የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው ግን እስከ 9 ሰዓት ጾሞ እንዲጠብቅ አታድርጉት፣ ጠዋት አስገቡት።

ወደ ውሃው ልመለስ። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ፣ አንድ ጆግ የቧንቧ ውሃና አንድ ቴርሞሜትር። ሁለቱን ቀላቅላችሁ 23 ዲግሪ አካባቢ አድርሱት፣ ከዚያ ጣሳው የሚለው ሰዓት እውነት ይሆናል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ቶሎ ይረጋል፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ይዘገያል። ይኼን ሁሉም ሐኪም ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ጠዋት በብርድ ቴርሞሜትር ፈልጎ የሚለካው ግን ጥቂቱ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ለማፋጠን ብሎ ዱቄት የሚያበዛ ሰው ነው። አዎ ይፈጥናል፤ ግን ይወፍራል፣ ጥቃቅኑን ቅርጽ አይዝም፣ ሲወጣ ይቀደዳል። የዱቄቱንና የውሃውን ልክ አትንኩ፣ የውሃውን ሙቀት ብቻ ቀይሩ። የመለኪያ ማንኪያውም ከየጣሳው ጋር የሚመጣው የየራሱ ነው። የአንዱን ለሌላው መጠቀም ነገሩን ሁሉ ግምት ያደርገዋል፤ አሮጌው ጣሳ ሲያልቅ ማንኪያውን አብራችሁ ጣሉት።

አበጣበጡም ላይ ችኮላ አይወደድም። ጣሳውን ሳትከፍቱ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፣ ዱቄቱ ታች ይጠቀጠቃልና። ወዲያው ግን አትክፈቱት፣ የሚነሳው አቧራ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። አቧራ አልባ የሚባሉትን ዓይነቶች የምወደው ለዚህ ነው፤ ትንሽ ይወደዳሉ፣ ግን ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሱት እናንተና ረዳታችሁ ናችሁ። የላስቲኩ ጎድጓዳ ውስጥ ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ አርጥቡት፣ ከዚያ በስፓቹላው ግድግዳው ላይ እየጨፈለቃችሁ ከ45 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ እሹት። ጓጉሎ የቀረ ነገር ካለ ሞዴሉ ላይ ይወጣል፣ የተያዘ አየር ካለም ጥርሱ ላይ ቡግር የበቀለበት ይመስላል።

ከሞከርኳቸው ውስጥ ለደጋ የምመርጠው ቀለሙን የሚቀይረውን ነው። ክሮሞፓን የጣሊያን ዕቃ ነው። ሲበጠበጥ ሐምራዊ ነው፣ ትሬይ ላይ የሚሞላበት ሰዓት ሲደርስ ሮዝ ይሆናል፣ አፍ ውስጥ መግባት ሲኖርበት ወደ ነጭ ይሄዳል። ለምን ወደድኩት? የሚነግራችሁ የግድግዳውን ሰዓት ሳይሆን ዱቄቱ ራሱ ያለበትን ደረጃ ነው። ውሃው ትንሽ ቢቀዘቅዝባችሁም ቀለሙ አብሮ ይዘገያል። ለአዲስ ረዳትም ማስረዳት ቀላል ነው፦ «ሮዝ ሲሆን ሙላው፣ ሲነጣ አቀብለኝ።» በቃ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ መንጣቱ መግቢያውን እንጂ መውጫውን አይናገርም። ለመውጫው በትሬዩ ጠርዝ የተረፈውን በጣት ንኩት። የማይጣበቅ ሆኖ ሲገኝ ወዲያው አትንቀሉት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሱት። ያቺ ሁለት ደቂቃ አልጂኔቱ እንዳይቀደድ የምታጠነክረው ናት። ጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ግን መለኪያ አይሆናችሁም። አፍ ሞቃት ነው፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ፤ የአፉ ረግቶ ጎድጓዳው ገና ለስላሳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

አሁን ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ሹራቡ ወልቋል፣ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። እዚያ ያው ዱቄት ትሬይ ላይ ሳይሞላ ይረጋል። ዞኑ አንድ፣ አስመጪው አንድ፣ ጣሳው አንድ፣ ጠባዩ ግን ሁለት ነው። ቆላ ላይ ለምትሠሩ ፈጣን የሚባለውን ዓይነት ተውት፣ መደበኛውን ግዙ፣ ውሃውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የእንስራ ውሃ አለላችሁ፣ እሱም ከቧንቧው ይሻላል። ትሮፒካልጂን የሚባለው የዘርማክ ዕቃ ለሙቅ አገር ተብሎ የተሠራ ነው፣ እሱም ቀለሙን ይቀይራል፣ የማንጎ ሽታ አለው። ሸዋ ሮቢት ማንጎው ራሱ በደጅ አለ፣ ልጆች ሲሸታቸው ይስቃሉ፣ ፍርሃቱም ይለቃቸዋል። እኔ ግን ለደጋ አልገዛውም፤ ሰዓት የሚያስረዝም ነገር እኛ አንፈልግም፣ ብርዱ በነጻ ያስረዝምልናል። ጣሳውንም ቆላ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም መኪና ውስጥ አታክርሙት። ሙቀትና እርጥበት የአልጂኔት ጠላቶች ናቸው።

ዕድሜውን የጨረሰ ዱቄት ነገር ከተነሳ አንድ ምሬት አለኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ የሸጠልን ጣሳ ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ተቀዶ ነበር፣ ዱቄቱም ጓጉሏል። ስልክ ስንደውል «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚመጣው» አሉን። አይደለም። ሁሉም እንደዚህ አይመጣም። ስትገዙ ማሸጊያውን እዚያው ሱቁ ውስጥ እዩ፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ጣሳውን ነቅነቅ ስታደርጉት እንደ ደረቅ ዱቄት ካልፈሰሰ መልሱት። በሹፌር የምታስመጡ ከሆነ ፎቶ አስልካችሁ ነው ገንዘብ የሚላከው። ብዙ መግዛትም አያዋጣም፤ ለጥቂት ወር የሚበቃ ብቻ ግዙ።

ማቅለሽለሽን ሳላነሳ ባልፍ ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል፣ ምክንያቱም ታካሚው የሚገመግመው በሱ ነው። ከአንኮበር በኩል የመጡ አንዲት እናት ትሬዩን ሲያዩ «ልጄ፣ ይኼ ገንፎ ነው እንዴ የምታጎርሰኝ?» አሉኝ።

«ገንፎስ ቢሆን ይዋጥ ነበር እማማ። ይኼን አይውጡት። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ ራስዎን ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉልኝ።»

የታችኛውን ልክ ቀድሜ ወሰድኩ፣ እሱ አይከብድም። ላይኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሯቸው መነሳት ጀመረ። «እማማ፣ ቀኝ እግርዎን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ፣ እንዳያወርዱት።» ያዙ። ጋቢያቸውን በአንድ እጅ፣ የወንበሩን ክንድ በሌላው ጨብጠው እግራቸው ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ትሬዩ ወጥቶ፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ከጨረሱ በኋላ ነው «አሁን ላውርደው?» ያሉኝ። ዘዴው የታወቀ ነው፣ ሐሳብን ከጉሮሮ ላይ ማንሳት ነው። ሌላው ዘዴ የምላስ ጫፍ ላይ ትንሽ ጨው ነው። ወንበሩ ቀና ይበል፣ ሰውን አጋድማችሁ የላይኛውን ልክ አትውሰዱ። ትሬዩን ስታስገቡ የኋላው ይቅደም፣ ቀጥሎ ፊቱ ይጫን፣ ያኔ ትርፉ ወደ ጉሮሮ ሳይሆን ወደ ከንፈር ይወጣል። ብርድ ላይ ቀስ ብሎ የሚረጋ ዕቃ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዷ ተጨማሪ ሰከንድ የታካሚው ናት። ሲወጣም በአንድ ፈጣን ስበት ይውጣ። እየወዘወዙ ማውጣት ለታካሚው የሚያዝኑ ይመስላል፣ ልኩን ግን ያዛባዋል።

ከአፍ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የአልጂኔት ትልቁ ድክመት። አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። አየር ላይ ከተቀመጠ ውሃውን እያጣ ይኮማተራል፣ ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት ደግሞ ይጠጣና ያብጣል። በጥቅምትና በኅዳር የእኛ ነፋስ ልብስ በሰዓት የሚያደርቅ ነው፣ አልጂኔትንም አይምርም። በቧንቧ ውሃ ምራቁንና ደሙን እጠቡ፣ 1 በመቶ የሆነ በረኪና ርጩበት፣ በፌስታል ዘግታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ እንደገና አጥቡት። የገዛችሁት በረኪና 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጁን በአራት እጅ ውሃ ማቅጠን ነው። ከዚያ ወዲያው ስቶኑን አፍስሱ። ባይቻል በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ በተዘጋ ፌስታል አቆዩት፣ ግን ግማሽ ሰዓት እንዳያልፍ።

እንግዲህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ፣ መንገዱ፣ ከመናኸሪያው ተቀብሎ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ልጅ፣ ቴክኒሺያኑ ምሳ ላይ ከሆነ ደግሞ ምሳው። አልጂኔት ይኼን አይችልም። አልጂኔቱን እንዳለ የሚልኩ ክሊኒኮች አሉ፣ ከዚያ የተሠራው ጥርስ አልገባ ሲል ቴክኒሺያኑን ይሰድባሉ። ሞዴሉን እዚሁ አፍስሱና ሞዴሉን ላኩ። ቢጫው ስቶን ለ100 ግራም 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃዋል። ትሬዩን እያንቀጠቀጣችሁ ከአንድ ጫፍ ትንሽ ትንሽ አስገቡ፣ አየር እንዳይታፈን። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ሲጠጥር ለዩት፤ አልጂኔቱ ላይ ካደረ የሞዴሉ ገጽ ይሻክራል። በጥጥ ተጠቅልሎ በካርቶን የሄደ ሞዴል ምንም አይሆንም። እንደ ሃይድሮገም 5 ያሉ በደንብ ከታሸጉ እስከ 5 ቀን ልካቸውን ይጠብቃሉ ተብለው የሚሸጡ አልጂኔቶች አሉ። ጥሩ ናቸው፣ ለጥናት ሞዴልና ለጥርስ ማስተካከያ ይሆናሉ። ለክራውን ግን አልጂኔት ከነጭራሹ አይታሰብም። የተሞረደውን ጥርስ ጠርዝ ጥራት ባለው መልኩ አያሳይም።

ለክራውንና ለብሪጅ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ሁለት ዓይነት ነው፣ ሻጩ ግን ሁለቱንም «ሲሊኮን» ብሎ ነው የሚሸጥላችሁ። የዋጋውም የጥራቱም ልዩነት ያለው እዚያ ላይ ነውና ጠይቁ።

የመጀመሪያው ኮንደንሴሽን የሚባለው ነው። ዜታፕላስ እዚህ አገር በብዛት ይታያል፤ 900 ሚሊ ሊትር ፑቲ (እንደ ሊጥ ወፍራሙ) በባልዲ፣ ኦራንዋሽ የሚባል ቀጭን በትዩብ፣ ኢንዱሬንት የሚባል ካታሊስት (ማርጊያ) ጄል ለሁለቱም። ፑቲውን በመለኪያ አውጥታችሁ ካታሊስቱን ትቀቡና በጣት ጫፍ ታሹታላችሁ። መጀመሪያ ፑቲው ልክ ይወስዳል፣ ቀጥሎ ቀጭኑ ተጨምሮበት እንደገና አፍ ይገባል፣ ዝርዝሩን የሚይዘው ቀጭኑ ነው። ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው፣ አንድ ባልዲም ብዙ ሰው ያዳርሳል። ችግሩ ሲረጋ አልኮል ይወጣውና አልኮሉ ሲተን ይኮማተራል። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ማፍሰስ አለባችሁ፣ ስለዚህ ከመንገዱ ጋር ያለው ጠብ አልቀረም። ሁለተኛው ችግር ካታሊስቱ የሚለካው በዓይን መሆኑ ነው፤ ጠዋት በብርድ ቶሎ እንዲረጋ ጨመር የሚያደርግ እጅ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ያው እጅ ያንኑ ያህል ይጨምርና ትሬዩ አፍ ሳይገባ ይደርቃል። አንድ ሁለት ክራውን ለሚሠራና እዚያው ለሚያፈስ ሰው በቂ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው አዲሽን ሲሊኮን ነው፣ እኔ ገንዘቤን የማወጣበት። ኤሊት ኤችዲ፣ ኤክስፕረስ፣ አኳሲል፣ ፕሬዚደንት የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ። ሲረጋ የሚተን አልኮል ስለማይወጣው ልኩን ይጠብቃል። ዛሬ ወስዳችሁ በሳምንቱ ቢፈስም ያው ነው፣ ደጋግሞ ማፍሰስም ይቻላል። ለእኛ ይኼ ማለት ትሬዩን ታጥቦ፣ በበረኪና ተጠርጎ፣ በካርቶን ሆኖ ለሹፌሩ መስጠት ማለት ነው። ሚኒባሱ ቢዘገይም እንቅልፍ አይነሳም። ቀጭኑ 50 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ ውስጥ ሆኖ በሽጉጥ ነው የሚወጣው፣ ጫፉ ላይ ያለው ቱቦ ራሱ ስለሚቀላቅለው የዓይን ግምት የለም። ዋጋው? ኪስ ይጎዳል። የቱቦው ጫፍም በየሰዉ ይጣላል፣ እሱም ገንዘብ ነው። የተጠቀማችሁበትን ጫፍ ግን ካርትሪጁ ላይ እንደ ክዳን ተዉት፣ ለሚቀጥለው ሰው ስትቀይሩ ጥቂት አውጥታችሁ ሁለቱም ወገን እኩል መፍሰሱን እዩ።

ይኼ ዕቃ አንድ አመል አለው። የላቴክስ ጓንት አይወድም። ጓንቱ ውስጥ ያለው ድኝ እንዳይረጋ ያደርገዋል፣ ፑቲውን በላቴክስ ጓንት አሽታችሁት ለሰዓታት ሊጥ ሆኖ ቢቀር ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ቪኒል ወይም ናይትራይል ጓንት ይሁን። በላቴክስ ጓንት የተነካ ጥርስ ወይም ድድ ላይ የሚደረግ ክር እንኳ ያችን ቦታ ብቻ ሙጫ አድርጎ ሊያስቀራት ይችላል፣ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ የምትፈለገዋ ጠርዝ ትሆናለች። ደምና ምራቅም ይከለክሉታል፣ ጥርሱ ደርቆ ነው የሚጠብቀው። ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ አያስፈልገውም። ጠዋት ካርትሪጁ ከብርዱ የተነሳ ሽጉጡን እምቢ ይላል፣ ክፍሉ ሞቅ እስኪል ጠብቁት። አንዳንዱ ዓይነት እንደረጋ ጋዝ ስለሚያወጣ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢፈስ ይሻላል፤ ለእኛ መንገዱ ያንን ያሟላልናል።

ውድ ነው ለሚሉኝ ባልደረቦች ሒሳቡ ሌላ ነው እላቸዋለሁ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የመጣን ሰው «ልኩ ተበላሽቷል፣ ተመልሰህ ና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ የሥራ ቀኑ። የካርትሪጁን ልዩነት ለሰውየው ቀድማችሁ ንገሩትና እሱ ይምረጥ፤ አብዛኛው ሰው ተመልሶ ከመምጣት ጨምሮ መክፈሉን ይመርጣል።

ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ ለወለቀ አባቶችና እናቶች ደግሞ የድሮዎቹ ዕቃዎች ገና አልሞቱም። ኢምፕሬሽን ኮምፓውንድ የሚባለው ጠፍጣፋ ነገር ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውሃ ይለሰልሳል፣ አፍ ውስጥ ሲበርድ ይጠነክራል። ርካሽ ነው። ብርድ ላይ የሚከፋው ውሃው ቶሎ መቀዝቀዙ ነው፣ የኤሌክትሪክ ማፍያ አጠገባችሁ ይሁን። ከአንዱ ሰው የወጣውን አቅልጦ ለሌላው መጠቀም ግን ነውር ነው፣ ቁጠባ አትበሉት። ከዚያ ልክ በወጣው ሞዴል ላይ ለሰውየው ብቻ የሚሆን የአክሪሊክ ትሬይ ተሠርቶ በዚንክ ኦክሳይድ ዩጂኖል የመጨረሻው ልክ ይወሰዳል። ዩጂኖል የቅርንፉድ ሽታ አለው፣ አባባ የሚያውቁት ሽታ ስለሆነ አይደነግጡም። ከንፈር ያቃጥላልና ቀድማችሁ ቫዝሊን ቀቡ። ሲረጋ ድርቅ ስለሚል ጥርስ ላለው አፍ አይሆንም፣ ተቆልፎ ይቀራል። ለባዶ ድድ ግን ዝርዝር አያያዙ ግሩም ነው፣ ከውዶቹ ጋር ይፎካከራል።

ፖሊኢተር አለ፤ ኢምፕሬገም እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የታወቀ ነው። እርጥበትን ከሲሊኮን የበለጠ ይችላል። መራራ ነው፣ ሲረጋ ጠንካራ ነው፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ላለው ሰው ሲወጣ ያስፈራል፣ ዋጋውም ላይ ነው። ለትንሽ ክሊኒክ ግድ አይደለም። አፍ ውስጥ የሚገባ ስካነርም መጥቷል፣ ማቅለሽለሽም ሚኒባስም የለበትም፣ ፋይሉ በኢንተርኔት ይሄዳል። ገንዘቡ ያለው ይግዛ፤ እኔ አንድ ስካነር በሚገዛበት ብር ስንት ካርትሪጅ እንደሚገዛ ካሰላሁ በኋላ ፔርሙሴን ይዤ ቀርቻለሁ።

ትሬይ ላይ አትሰስቱ። የሚተጣጠፍ ርካሽ ፕላስቲክ ትሬይ ላይ ውድ ሲሊኮን መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው፤ አፍ ውስጥ ሲጫን ይከፈታል፣ ሲወጣ ይመለሳል፣ ልኩም አብሮት ይዛባል። ብረቱ ይሻላል፣ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ይቀቀላል፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለአልጂኔት ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፣ በቀዳዳው ገብቶ ይያዛል።

ትርፉን ደግሞ ሲንክ ውስጥ አትጠቡት። አልጂኔትም ስቶንም ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይረጋል፣ ስቶን ውሃ ውስጥም ሆኖ ይጠጥራል። ጎድጓዳውን ሲረጋ ገልብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት፣ የላስቲክ ስለሆነ በአንድ ጭምቅታ ይወጣል። የእኛ ክሊኒክ ያለበት ሕንፃ ቧንቧ ሠሪ በኅዳር ብርድ ጎንበስ ብሎ የጥርስ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ከቱቦ ሲያወጣ ምን እንዳለን እዚህ አልጽፈውም።